አጃቢ አስማተኛ ምን ያህል ዝርዝር ይፈልጋል?

መቅረዝ (ርዕሱን የከፈተች)

ሰላም ቤቶች።

አዲስ ካምፔይን (ብዙ ምሽት የሚቀጥል የጨዋታ ታሪክ) እያዘጋጀሁ ነው። ጨዋታው ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው፤ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን ገጸ ባሕርይ እየሆንን ታሪክ የምንጫወትበት፤ አምስተኛው እትም፣ እ.ኤ.አ. የ2014ቱ ሕግ። አራት ተጫዋቾች አሉኝ፤ አንዷ የምትጫወተው አስማተኛ ነው። ታሪኩ ውስጥ ሦስት አጃቢ አስማተኞች አሉ፤ ተጫዋች የሌላቸው፣ እኔ የምናገርላቸው። አንደኛው የዚች ገጸ ባሕርይ የቀድሞ መምህር ነው፤ ሽማግሌ፣ በጣም ኃያል። ሁለተኛዋ የድግምት ጥቅልል የምትሸጥ ሴት ናት። ሦስተኛው ዋናው ጠላት የቀጠረው አስማተኛ ነው፤ ቡድኑ አንድ ቀን ይገጥመዋል።

ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ለእያንዳንዳቸው ምን ያህል ልጻፍ?

ወታደር ወይም ሌባ ቢሆን አልጠይቅም ነበር። ወታደር ሰይፍ አለው፣ ይመታል፣ ይመክታል፣ አለቀ። አስማተኛ ግን ሌላ ነው። «አስማተኛ ነው» ከማለቴ ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ሁሉ መጠየቅ ይጀምራሉ። መብረር ይችላል? የሰው ሐሳብ ያነባል? እዚሁ ተቀምጦ የጠላትን ቤት ያያል? ከቻለስ እኛን ለምን ይልካል? አስቀድሜ ካላሰብኩበት አፌ ላይ የመጣውን እመልሳለሁ። የመለስኩት ደግሞ ከዚያ ወዲያ የዓለሙ ሕግ ነው፤ ሲያስፈልጋቸው ያስታውሱኛል።

በሌላ በኩል ለሦስቱም ሙሉ የድግምት ዝርዝር፣ የልጅነት ታሪክ፣ የማማ ካርታ ልጻፍ ካልኩ ጨዋታው ሳይጀመር ጉልበቴ ያልቃል። እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት?


ደረቅ_ዳይስ

እህቴ፣ የኔ መስፈርት አንድ ናት። በዚህ ሰው ምክንያት ዳይስ ይወረወራል ወይስ አይወረወርም?

ሻጯ ላይ ቢበዛ ዋጋ ሲከራከሩ ነው የሚወረወረው። ቁጥር አያስፈልጋትም። ምን እንደምትፈልግ፣ ምን እንደማትሸጥ፣ ለምን እንደማትሸጥ ጻፊ። ሦስት መስመር ይበቃታል።

ቅጥረኛው ግን ይዋጋል። ለእሱም ቢሆን ከባዶ አትጀምሪ። የ2014ቱ የጭራቆች መጽሐፍ መጨረሻ ላይ «ሜጅ» የሚባል ዝግጁ ስታት ብሎክ (የገጸ ባሕርዩ ቁጥሮችና ድግምቶች ዝርዝር) አለ። 9ኛ ደረጃ አስማተኛ ነው። 40 የሕይወት ነጥብ አለው። ከድግምቱ ለማምለጥ 14 ማውጣት ያስፈልጋል። ቻሌንጅ ሬቲንጉ፣ ማለትም የአስቸጋሪነቱ መለኪያ፣ 6 ነው። ከድግምቶች ፋየርቦል፣ ካውንተርስፔል (የሌላውን ድግምት የሚያቆም)፣ ሚስቲ ስቴፕ (በቅጽበት ወደ ቅርብ ቦታ የሚያዘልል)፣ ግሬተር ኢንቪዚቢሊቲ፣ ኮን ኦፍ ኮልድ ሁሉ አለው። እሱን ውሰጂና ሁለት ሦስት ድግምት ቀይሪ። ፋየርቦሉን አውጪና ሃይፕኖቲክ ፓተርን ስጪው። ሰውን ማቃጠል የማይወድ፣ አፍዝዞ የሚያስር አስማተኛ ሆነ። ተጫዋቾቹ ከየት እንዳመጣሽው አያውቁም።

ደግሞም ውጊያ ስንት ዙር ነው? 40 የሕይወት ነጥብ ይዞ አራት ተጫዋቾች የከበቡት አስማተኛ ሦስት ድግምት ከጣለ ብዙ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩን በሙሉ አታጥኚ። ሦስቱን በቅደም ተከተል ጻፊ። ሲጀመር ይህን ይጥላል። ከተጠጉት ያንን። ሊሸነፍ ሲል ሚስቲ ስቴፕ አድርጎ ይሸሻል። ቁጥር ፍለጋ ገጽ ሳታገላብጪ ውጊያውን የምትመሪበት ወረቀት እሱ ነው።

መምህሩን ለሌሎች ትቻለሁ። ከባዱ እሱ ነው።


የሦስተኛው_እትም_ልጅ

ደረቅ፣ በአብዛኛው እስማማለሁ። «ዳይስ ካልተወረወረ ቁጥር አያስፈልግም» የምትለው ግን አስማተኛ ላይ አትሠራም።

እኔ ጨዋታውን የለመድኩት እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው ሦስተኛ እትም ነው። እዚያ አጃቢ ገጸ ባሕርይም የሚሠራው ተጫዋቹ በሚሠራበት ሕግ ነበር። ደረጃው፣ የክህሎት ነጥቡ፣ ልዩ ችሎታው፣ ድግምቱ፣ ዕቃው ሁሉ ይቆጠራል። አዎ፣ አድካሚ ነበር። አንድ 10ኛ ደረጃ አስማተኛ ምሽቱን ሙሉ ይበላል። ግን ዓለሙ ሐቀኛ ነበር። ጠላት ያደረገውን ነገር የኛም አስማተኛ አንድ ቀን ሊያደርገው ይችላል። «ይሄ እንዴት ሆነ?» ብሎ ለሚጠይቅ ተጫዋች መልስ ነበረው።

መቅረዝ፣ አንቺ ጠረጴዛ ላይ አስማተኛ የምትጫወት ሰው አለች። ይህ ብዙ ነገር ይለውጣል። ቅጥረኛው እንደወደቀ መጀመሪያ የምትጠይቅሽን ልንገርሽ፦ «የድግምት መጽሐፉ የት አለ?» መጠየቋም ልክ ነው። በሕጉ መሠረት የሌላ አስማተኛ መጽሐፍ እጇ ከገባ ወደ ራሷ መገልበጥ ትችላለች። በእያንዳንዱ የድግምት ደረጃ 2 ሰዓትና 50 የወርቅ ሳንቲም ይጠይቃል። 3ኛ ደረጃ ድግምት ከሆነ 6 ሰዓትና 150 ወርቅ ማለት ነው። ስለዚህ ያ መጽሐፍ ለእሷ ሽልማት ነው። ጠላትሽ ውጊያ ላይ ያልተጠቀመበት ድግምት ሁሉ ለእሷ ገና ያልተከፈተ ዕቃ ነው። ሽልማት ደግሞ እዚያው ተቀምጦ ከጭንቅላት አይመዘዝም፤ አስቀድሞ መታሰብ አለበት።


ጀማሪ_ጂኤም

ይቅርታ ላቋርጥ። መጽሐፉ ውስጥ ያሉት ስታት ብሎኩ ላይ የተጻፉት ብቻ ናቸው? ወይስ ሌላም ይጨመራል?


ደረቅ_ዳይስ

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የሦስተኛው እትም ልጅም ትክክለኛ ቦታ ነክቷል።

የሜጅ ስታት ብሎክ ላይ ካንትሪፖቹን (ያለ ገደብ የሚጣሉትን ትንንሽ ድግምቶች) ሳንቆጥር 12 ድግምት አለ። እነዚህ ለዕለቱ ያዘጋጃቸው ናቸው። በተጫዋች ሕግ እናስላው። አስማተኛ 1ኛ ደረጃ ላይ 6 ድግምት ይዞ ይጀምራል፤ ከዚያ በየደረጃው 2 ይጨምራል። 9ኛ ደረጃ ላይ 22 ይሆናል። እንግዲህ ስታት ብሎኩ ላይ የሌሉ፣ መጽሐፉ ውስጥ ግን ያሉ ቢያንስ 10 ድግምቶች አሉ።

ለኔ የሰውየው ታሪክ እነዚያ 10 ውስጥ ነው ያለው። ውጊያ ላይ የማይጠቀምባቸው ናቸው። ታዲያ ለምን ተማራቸው? አላርም፣ አርኬን ሎክ፣ ነንዲቴክሽን አንድ መጽሐፍ ውስጥ ተደርድረው ብታገኙ ምን ትላላችሁ? በር ይቆልፋል፣ ሰው ሲመጣ የሚነቃበት ደወል ያጠምዳል፣ በአስማት እንዳይታይ ይሸፈናል። ይሄ ሰው የሚደበቅ ወይም የሚደብቅ ሰው ነው። ተጫዋቿ መጽሐፉን ገልጣ ይህን ስታነብ ከሞተው ጠላቷ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ትተዋወቃለች። የልጅነት ታሪኩን በንግግር ከመስማት በጣም ይሻላል።

አሥሩንም አትጻፉ። አራት አምስት ይበቃል። ቀሪው ተጫዋቿ ቀድማ የምታውቀው ድግምት ይሁን።


የሦስተኛው_እትም_ልጅ

አራት አምስት ድግምት ከሆነ እኔም እፈርማለሁ። ነንዲቴክሽኑን አስታውሱልኝ፤ እመለስበታለሁ።


ማኅተም

የአርስ ማጂካ ተጫዋች ነኝ። እዚህ ቤት ብዙ አይደለንም፤ ግን ይህ ጥያቄ በቀጥታ የኛ ጥያቄ ነው።

ለማታውቁት፣ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ ጨዋታ ነው። መሐሉ ላይ ያሉት አስማተኞች ናቸው። እያንዳንዱ አስማተኛ 5 ቴክኒክና 10 ፎርም አለው፤ ድምሩ 15 ቁጥር። ድግምት የሚሠራው አንዱን ቴክኒክ ከአንዱ ፎርም በማጋባት ነው። ክሬዮ መፍጠር ነው፣ ኢግነም እሳት ነው፤ ሲጋቡ እሳት ይወለዳል። ፐርዶ ማጥፋት ነው፣ ኢማጊነም የሚታይና የሚሰማ ነገር ነው፤ ሲጋቡ ሰው ከዓይን ይሰወራል።

አጃቢ አስማተኛን 15ቱንም ቁጥር ሞልቼለት አላውቅም። ከፍተኛ ሁለቱን እና ዝቅተኛ አንዱን እጽፋለሁ። ፐርዶና ኢማጊነም የተካነ፣ ሜንተም ማለትም አእምሮ ላይ ዜሮ የሆነ ሰው አስቡ። ከሁሉም ሰው መሰወር ይችላል፤ ሰው ምን እንደሚያስብ ግን ፈጽሞ አይገባውም። ጠባዩን ሌላ ቦታ መፈለግ አላስፈለገኝም። የማይችለው ነገር ከሚችለው እኩል ሰውየውን ይሠራዋል። ይህንን ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ላይም ሞክሩት። አስማተኛችሁ የትኛውን የአስማት ዘርፍ እንደሚጠላ ወይም እንደሚፈራ አንድ መስመር ጻፉ።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። እዚያ ጨዋታ ላይ እያንዳንዱ አስማተኛ ማኅተም አለው። ድግምቶቹ ሁሉ ላይ የሚታይ፣ የሚሰማ ወይም የሚሸት ትንሽ ምልክት ነው። አንዱ ድግምት ሲጥል እርጥብ አፈር ይሸታል። አንዷ ስትደግም ከሩቅ ደወል ይሰማል። ሌላው የሚፈጥረው ነገር ሁሉ ዳር ዳሩ አረንጓዴ ነው። የድግምቱን ኃይል አይለውጠውም። ስለዚህ ወደ ማንኛውም ጨዋታ ብታመጡት ሕግ አይፈርስም።

ጥቅሙን በጨዋታ ላይ ነው የምታዩት። ተጫዋቾች ስም ይረሳሉ። «እርጥብ አፈር የሚሸተው ሰውዬ» ግን አይረሳም። ከዚያ ማኅተሙ ፍንጭ ይሆናል። ቡድኑ የተቃጠለ ቤት ይገባል። አመዱ ላይ የእርጥብ አፈር ሽታ አለ። ማንም ስም አልጠራም፤ ሁሉም ግን ማን እንደነበረ ያውቃል። እዚያ ቅጽበት ላይ የሚነሳው ጫጫታ የትኛውም የተጻፈ ታሪክ አያመጣውም።

መቅረዝ፣ መምህሩና ተማሪዋ ካሉሽ ደግሞ ከዚህ በላይ ሂጂ። የመምህሩ ማኅተም ጥቂት ጥቂት ተማሪዋ ላይ ይታይ። እሷ ምን እንደሚመስል ትምረጥ። አንድ ቀን ጠላቷ ድግምቷን አይቶ «የማን ተማሪ እንደሆንሽ ገባኝ» ይላታል።


ጥንታዊ_ጥቅልል

ማኅተም፣ በጣም ቆንጆ ነው። እኔ ከዚህም ያነሰ ዝርዝር ልጨምር፤ በስማቸው የተጠሩ ድግምቶችን።

የደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ድግምቶች ውስጥ የአስማተኛ ስም የያዙ አሉ፤ ቢግቢ፣ ተንሰር፣ ድራውሚጅ፣ ሞርደንካይነን። ብዙዎቹ በጨዋታው መጀመሪያ ዘመን ሰዎች የተጫወቱባቸው ገጸ ባሕርያት ነበሩ። ሞርደንካይነን ከጨዋታው ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው የጌሪ ጋይጋክስ የራሱ አስማተኛ ነው። ተንሰር የልጁ የኧርኒ ነው፤ በእንግሊዝኛ የኧርነስት ፊደላት ተገለባብጠው ነው ስሙ የወጣው። ድራውሚጅ ደግሞ ጂም ዋርድ የሚለው የሰው ስም በእንግሊዝኛ ከኋላ ወደ ፊት ሲነበብ ነው። አሁን ያሉት ተጫዋቾች አብዛኞቹ ስለነዚህ አስማተኞች ምንም አያውቁም። ግን የቢግቢን ግዙፍ እጅ ሲጠሩ አንድ ሰው ይታያቸዋል። እጅ ፈጥሮ ነገር የሚጨብጥ፣ የሚገፋ፣ የሚመታ ሰው። ምን ዓይነት ሰው ነው እጅ በእጅ ላይ ሲፈጥር የኖረው? ሙሉ አስማተኛ በአንድ የድግምት ስም።

ለሻጯ እንደዚህ አድርጊላት። በስሟ የሚጠራ አንድ ትንሽ ድግምት ይኑራት፤ ጥቅልል በራሱ እንዲጠቀለልና እንዲታሸግ የሚያደርግ ይሁን። ተጫዋቿ ትግዛው። ከዚያ በኋላ ሻጯ በሌለችበት ቦታ ሁሉ ስሟ ይነሳል።


ከወንበሩ_ማዶ

እኔ ጂኤም (ጨዋታውን የሚመራ ሰው) ሆኜ አላውቅም፤ ሁሌ ተጫዋች ነኝ። ከኛ ወንበር የሚታየውን ልናገር።

ጂኤሙ የጻፈውን አናይም። የምናየው አስማተኛው የሚከለክለንን፣ የሚጠይቀንን፣ የሚያፍርበትን ነው። በወርቅ ፈንታ ከእያንዳንዳችን እስከዚያ ያልተናገርነውን አንድ ምስጢር የጠየቀን አስማተኛ ነበር። ስንተኛ ደረጃ እንደነበር፣ ምን ምን ድግምት እንደሚያውቅ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምስጢሮቹን የተናገርንበት ምሽት ግን ስለ ጓደኞቼ ገጸ ባሕርያት ከካምፔይኑ ሁሉ የበለጠ ያወቅሁበት ነው። ክፍያው ነበር ዝርዝሩ።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም ያሳስበኛል። ብዙ የተጻፈለት አስማተኛ «አንብቡኝ» ይላል። ጂኤሙ ደክሞበታል፣ ወዶታል፣ ሊያሳየው ይፈልጋል፤ ይሄ ይገባኛል። ያኔ አስማተኛው ውጊያው መሐል ይገኛል፣ እንቆቅልሹን ይፈታል፣ በመጨረሻ በሩን ይከፍታል። እኛ ተመልካች እንሆናለን። ጠረጴዛው ላይ አስማተኛ የሚጫወት ሰው ካለ ደግሞ ይብሳል፤ እሷ የምትችለውን ሁሉ ሽማግሌው በልጦ ያደርገዋል። መቅረዝ፣ መምህሩን ስትጽፊ ተማሪዋ ብቻ የምታውቀው፣ እሱ የማያውቀው አንድ ነገር ይኑር። ለምኖ እንዲጠይቃት።


ክፍት_ገጽ

ይህን ጥያቄ ሕግ ውስጥ ያስገባው ፌት ኮር የሚባለው ጨዋታ ይመስለኛል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ነው የወጣው። አጃቢ ገጸ ባሕርያትን በሦስት ይከፍላቸዋል፦ ስም የለሽ፣ ደጋፊ፣ ዋና። ስም የለሹ አንድ ወይም ሁለት ገላጭ ሐረግና ጥቂት ክህሎት ይበቃዋል። ደጋፊው ስም ያገኛል፤ ማንነቱን የሚናገር አንድ ሐረግ፣ ችግሩን የሚናገር ሌላ ሐረግም ይጨመርለታል። ዋናው እንደ ተጫዋች ገጸ ባሕርይ ሙሉ ሊሆን ይችላል።

ደስ የሚለኝ ዕድገት መኖሩ ነው። ተጫዋቾቹ ወደ ሻጯ ደጋግመው ከሄዱ ከፍ ትላለች፤ ያን ጊዜ ጻፊላት። ካልሄዱ እዚያው ትቆይ። የተጫዋቾች ፍላጎት ከሚደርስበት ብዙ ቀድመሽ አትጻፊ። በተጨማሪ ከየጨዋታው በኋላ አስማተኛው በአፉ የተናገረውን ብቻ መዝግቢ። «መብረር አልችልም አለ።» «የሞተ ልጅ እንዳለው ጠቀሰ።» እሷን ወረቀት ከያዝሽ «አፌ ላይ የመጣው ሕግ ይሆናል» ያልሽው ስጋት ይቀልልሻል፤ ሕግ ይሆናል፣ ግን የተጻፈ ሕግ።


ጀማሪ_ጂኤም

ደረቅ የጠቀሰው የ2014ቱን ስታት ብሎክ ነው። አዲሶቹ ቀለል ያሉ ናቸው ሲባል ሰምቻለሁ። ለጀማሪ የትኛው ይሻላል?


ደረቅ_ዳይስ

ቀለል ያሉ ናቸው፤ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው የጭራቆች መጽሐፍ ላይ የአስማተኞች ስሎት ቆጠራ (በየደረጃው በቀን ስንት ድግምት እንደሚጣል መቁጠር) ቀርቶ «ይህን በቀን አንዴ፣ ያንን ሁለቴ» በሚል ተተካ። «አርኬን በርስት» የሚባል ጥቃትም ተጨመረላቸው። ለጂኤም እረፍት ነው። ነገር ግን አርኬን በርስት ድግምት አይደለም። ድግምት ስላልሆነ በካውንተርስፔል አይቆምም። ካውንተርስፔል ያዘጋጀች ተጫዋች ጠላት በየዙሩ የማትነካውን ነገር ሲተኩስባት ታዝናለች፤ እውነቷን ነው። ጠረጴዛሽ ላይ አስማተኛ ካለ የ2014ቱን እመርጣለሁ። ከሌለ አዲሱን።


መቅረዝ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማኅተሙን፣ የመጽሐፉን አምስት ድግምቶች፣ የሻጯን ጥቅልል ወስጃለሁ።

መምህሩ ግን አሁንም አልተፈታልኝም። የአርክሜጅን (የከፍተኛ አስማተኛን) ስታት ብሎክ አየሁት፤ 18ኛ ደረጃ፣ 99 የሕይወት ነጥብ። ዝርዝሩ ውስጥ ስክራይንግ አለ፣ ቴሌፖርት አለ፣ ታይም ስቶፕ አለ። ጠላትን ከቤቱ ሆኖ ያያል፣ እዚያው ይደርሳል፣ ጊዜውን አቁሞ ይጨርሰዋል። ታዲያ ተማሪውን ለምን ይልካል? «ሥራ በዝቶበታል» ማለት አልፈልግም። ተጫዋቾቼ አይቀበሉኝም፤ እኔም አልቀበለውም።


የሦስተኛው_እትም_ልጅ

አሁን የኔ ተራ ነው። ለዚህ ነው ቁጥር የምወደው።

አንድ በአንድ እንየው። ቴሌፖርት የ7ኛ ደረጃ ድግምት ነው። አርክሜጁ የ7ኛ፣ የ8ኛና የ9ኛ ደረጃ ስሎት አንድ አንድ ብቻ ነው ያለው። ስታት ብሎኩ እንደሚለው ከውጊያ በፊት ማይንድ ብላንክን (አእምሮን የሚጠብቅ ድግምት) በራሱ ላይ ይጥላል፤ የ8ኛው ሄደ። በ7ኛው ይሄዳል። መመለስ ካለበት የሚቀረው 9ኛው ነው። እሱን ለመመለሻ ካቆየ ታይም ስቶፕ የለም። ታይም ስቶፕ ከጣለ መመለሻ የለም። ይህ ብቻውን አንድ ሽማግሌ ቤቱ እንዲቀመጥ በቂ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ፣ ቴሌፖርት ቦታውን ማወቅ ይፈልጋል። አንድ ጊዜ ብቻ ያየው ቦታ ከሆነ በመቶው ዳይስ እስከ 43 ድረስ ከመጣ አደጋ ነው፤ 3 ባለ 10 ዳይስ ጉዳት ይደርስበትና እንደገና ይወረወራል። በትክክል የሚያርፈው ከ74 ጀምሮ ሲወጣ ነው። የጠላትን ቤት አይቶት የማያውቅ ሰው ዘሎ አይገባም።

«ስክራይንግስ?» ትይኛለሽ። ነንዲቴክሽን እዚህ ይመጣል። ይህ ድግምት የተጣለበት ሰው ወይም ቦታ በአስማት አይታይም። ደረቅ ቅጥረኛው መጽሐፍ ውስጥ አስቀምጦታል። ለምን እንዳስቀመጠው አሁን አወቅን። ቅጥረኛው የተቀጠረው ሊዋጋ አይደለም፤ ዋናውን ጠላት ከመምህሩ ዓይን ሊሰውር ነው። መምህሩ በየቀኑ ይፈልጋል፤ በየቀኑ ባዶ ነው የሚያየው። ስለዚህ በእግር የሚሄድ ሰው ያስፈልገዋል። ተማሪውን የሚልከውም ለዚህ ነው።

ድግምቱ የሚቆየው 8 ሰዓት ነው። በየጊዜው 25 ወርቅ የሚያወጣ የአልማዝ ዱቄት ይበላል። ቀንና ሌሊት ለመሸፈን በቀን ሦስት ጊዜ፣ 75 ወርቅ። ያን ያህል የአልማዝ ዱቄት ከአንድ ቦታ ይገዛል። ለአስማተኞች ዕቃ የምትሸጥ ማን ነበረች?


መቅረዝ

ሻጯ!!! 

ማን እንደሚገዛ ታውቃለች። የማትሸጠው ነገር ምን እንደሆነም አሁን ገባኝ፤ የደንበኛዋን ስም ነው። ከወንበሩ ማዶ እንዳለው ክፍያዋ ምስጢር ይሆናል፤ ስም ለማግኘት ስም ይሰጧታል።


ማኅተም

ቅጥረኛው ሲሞት ደግሞ መሸፈኛው ቢበዛ በ8 ሰዓት ውስጥ ይነሳል። መምህሩ በዚያ ሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ ያያል። ምን እንደሚያይ እሱን ጻፊ፤ ከልጅነት ታሪኩ በፊት እሱን።


ከወንበሩ_ማዶ

እኔ የዚያች አስማተኛ ተጫዋች ብሆን መጽሐፉን ገልጬ ነንዲቴክሽንን ሳይ እጮህ ነበር። መምህሩ ለምን እንደላከኝ ማንም ሳይነግረኝ እዚያ ገጽ ላይ አገኘዋለሁ።


ክፍት_ገጽ

መቅረዝ፣ አንድ ማሳሰቢያ። የመምህሩን ገደብ ተጫዋቾቹ ሊነኩት የሚችሉት አድርጊው፤ አሁን ያገኛችሁት እንደዚያ ነው። በመሐላ ታስሯል፣ ታሟል፣ አርጅቷል የሚለው ምክንያት ይሠራል፤ ግን ተጫዋቾች ምንም ሊያደርጉበት አይችሉም። የሚፈርስ ገደብ ካለ ሲያፈርሱት መምህሩ ነጻ ይወጣል። ያኔ ምን እንደሚያደርግ አንድ መስመር ይኑርሽ። ታሪኩን ከተማሪው እንዳይነጥቃት።


መቅረዝ

አሰብኩበት። ካየ በኋላ ራሱ መሄድ ይፈልጋል። የ9ኛው ስሎት ጥያቄ ግን አለ፤ ከሄደ ወይ አይመለስም፣ ወይ ጊዜ አያቆምም። ምርጫውን ለተማሪዋ እተወዋለሁ። «ልሂድ ወይስ ልቅር?» ብሎ ይጠይቃታል።


ጀማሪ_ጂኤም

እኔ ደግሞ ሰባት አስማተኞች ያሉበት ጉባኤ አለኝ። ቡድኑ ፊታቸው ቀርቦ እርዳታ ይጠይቃል። ለሰባቱም ይህን ሁሉ ማሰብ አለብኝ?


ክፍት_ገጽ

የለብህም። ለጉባኤ ሰዎቹን ሳይሆን ጠባቸውን ጻፍ። ምን ላይ ነው የማይስማሙት? ለምሳሌ አንድ የተከለከለ መጽሐፍ ይቃጠል ወይስ ይጠና የሚል። ሁለት ሰዎች ስም፣ ፍላጎትና ድምፅ ስጣቸው፤ አንዱ «ይቃጠል» የሚል፣ አንዷ «ይጠና» የምትል። የሚናገሩት እነሱ ናቸው። ለአምስቱ ማኅተም ያለውን ምልክት አንድ አንድ ስጣቸውና በየትኛው ወገን እንደቆሙ ጻፍ፤ ሁለት ከዚህ፣ ሁለት ከዚያ፣ አንድ ያልወሰነ።


ጀማሪ_ጂኤም

ያልወሰነውስ? ስም አያስፈልገውም?


ክፍት_ገጽ

ያስፈልገዋል። ተጫዋቾችህ ሊያሳምኑት ወደ እሱ ነው የሚሄዱት፤ ስለዚህ ስሙን፣ የሚፈልገውንና የሚፈራውን ጻፍ። እሱ ሦስተኛው ሰውህ ነው።